ቅመም መሃል የተገዛ ካሴት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ካናዳ፣ ብራምፕተን የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ፑንጃቦች ናቸው። ዘፈናቸውን ሰምቼ «የየትኛው ፊልም ነው?» ብላቸው ሳቁብኝ። አሁን የ9 ዓመት ልጄም ከክፍል ጓደኞቿ ለምዳ ትጨፍረዋለች። ይሄ ሙዚቃ እንዴት እንዲህ ገነነ?
የልጅ አባት፣ ከብራምፕተን

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትፍረድባቸው። እኛ በህንድ ፊልም ያደግን ሰዎች ሁሉም ሂንዲ ይመስለናል። ይሄኛው ባንግራ የሚሉት የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ቋንቋው ህንድና ፓኪስታን የተካፈሏት የፑንጃብ ቋንቋ፣ ፑንጃብኛ ነው፤ ያደገውም በሲኒማ ሳይሆን በሠርግ ነው።

እኔ ያወቅኩት ለንደን፣ ሳውዝሆል ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአንድ የፑንጃብ ቤተሰብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አባወራው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ መጣ ማለት የሆነ ዘመድ ሠርግ አለ፤ ሠርግ ካለ ባንድ አለ። አላፕ የሚባለው ባንድ የዚያው ሰፈር ነው። የገጠሩን ባንግራ፣ ዶል ከሚሉት ትልቅ ከበሮ ጋር፣ ከኪቦርድና ከጊታር አዋሃዱት። የመጀመሪያ ካሴቴን የገዛሁት ምስር ልገዛ ከገባሁበት ሱቅ ነው፤ ከእርድና ከከሙን ጎን ተደርድሮ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዞቹ የሽያጭ ቆጠራ እንዲህ ያሉ ሱቆችን ስለማያይ፣ ዘፋኙ የቱንም ያህል ቢሸጥ ሬዲዮ ላይ ስሙ አይነሳም ነበር።

አንድ ጠዋት የአከራዬ ልጅ የደብተር ቦርሳ አብጦ አየሁት። ለካ የጭፈራ ልብስ ነው! ለፑንጃብ ወጣቶች ማታ መውጣት ስለማይፈቀድላቸው የባንግራው ጭፈራ ቀን ይዘጋጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ፎርፈው ይጨፍራሉ፤ ዩኒፎርማቸውን መልሰው ለብሰው ለራት ይደርሳሉ። አልተናገርኩባትም። ደግነቱ አባቷ አማርኛ አያነብም።

የኋለኛውን ሰምተህ ይሆናል። ፑንጃቢ ኤምሲ የተባለው የኮቨንትሪ ልጅ በ1998 ያወጣውን ዘፈን፣ አሜሪካዊው ራፐር ጄይ ዚ በ2003 ራፕ ጨመረበት። ዘፋኙ ዲልጂት ዶሳንጅ ደግሞ በ2023 ኮቼላ በሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ በፑንጃብኛ ዘፈነ። ሌላው ዘፋኝ ሲዱ ሙሴ ዋላ እናንተው ከተማ ተማሪ ሆኖ ኖሯል፤ በ2022 ፑንጃብ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ስሙ ሲነሳ ባልደረቦችህ ዝም ቢሉ አትገረም።

ልጅህ ቶሎ የለመደችው ወዳ አይደለም፤ ባንግራ ትከሻ ይፈልጋል። ደግሞ ቱምቢ የምትባል መሣሪያ አለቻቸው። እንደ ማሲንቆ አንድ ክር ናት፤ ግን በደጋን ሳይሆን በጣት ነው የምትመታው። ዘፈኑ ውስጥ በቀጭኑ ቲን ቲን የምትለዋ እሷ ናት። ልጅህ ሳትቀድምህ አትቀርም፣ እስቲ ጠይቃት።