በጎቹ መርፌ ተወግተውም ለምን አልዳኑም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ነው። በጎቼ የሚግጡት ቦርከና ዳር ካለው ረግረግ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ከሱ፣ አንዳንዶቹም ከመንጋጋቸው ሥር አበጡ። አይቨርሜክቲን አስወጋሁ፤ ለውጥ የለም። አንዷን ባርዳት ጉበቷ ውስጥ ቅጠል የመሰለ ትል አገኘሁ። ጉበቱን ብንበላ እኛንም ይይዘናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያገኙት የጉበት ትል ነው። አይቨርሜክቲን ለብዙ ጥገኛ ትል ጥሩ ነው፤ ይህን ግን አይነካውም። ስንት አርቢ በዚህ መርፌ ገንዘቡን እንደሚጨርስ ሳስብ ያንገበግበኛል።

የትሉ እንቁላል ከበጠጥና ከእበት ጋር ይወጣል። ረግረግ ውስጥ ይፈለፈልና ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጓ ስትግጥ ትውጠዋለች። ትንሹ ትል ከሐሞት ቱቦ እስኪደርስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጉበቱን እየሰረሰረ ይቆያል። በግ በድንገት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው፤ ያውም ለሆድ ትል ከሚሰጠው መጠን ከፍ ሲል። ገና ለፀነሰች በግ ደግሞ አይሰጥም። ትሪክላቤንዳዞል ግን ትንሹንም ትልቁንም ይገድላል፤ አሁን ለእርስዎ መንጋ የሚሻለው እሱ ነው። መጠኑን የእንስሳት ሐኪሙ በክብደት ይወስን። ወተቱና ሥጋው ስንት ቀን መቆየት እንዳለበትም ይጠይቁት። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ በጉንም ከብቱንም አንድ ላይ መድኃኒት ያስግቱ። ከብቱ ከቀረ ሜዳውን መልሶ ይበክለዋል።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከቻሉ መንጋውን ከረግረጉ ያርቁ። የረግረጉን ሣር አጭደው ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት። እርጥብ እንዳለ ከከመሩት ትሉ ወራት ሊቆይ ይችላል።

ስለ ሰው ለጠየቁት፣ ጉበት በመብላት አይያዝም። ሰውም እንደ በጓ ነው የሚያዘው፤ ውኃ ዳር የበቀለ ጥሬ ቅጠል ሲበላ ወይም የረግረግ ውኃ ሲጠጣ። እረኛ ልጆች ሣር እንዳያኝኩ ይንገሯቸው። ጫትም ሳይታጠብ አይቃም። ከቀኝ ጎድን ሥር የሚያመውና የሚያተኩሰው ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድና ረግረግ ዳር እንደሚኖር ይናገር። የሰው መድኃኒት አለው፤ ለበግ የተገዛውን ማንም እንዳይውጥ።

የተበላሸውን ጉበት ግን ለውሻ አይጣሉ። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውሻው ሌላ ትል ይይዝና ወደ ልጆችዎ ያመጣል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት።