ዶክትሬቱን እሺ ከማለትሽ በፊት

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የፊዚክስ ማስተርስሽን ጨርሰሽ ስዊድን ካለ ላብራቶሪ የዶክትሬት ዕድል አግኝተሻል፣ ሥራው ዋይቢሲኦ (YBCO) ከሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ከሚሆን (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም ከሚያሳልፍ) ቁስ ስስ ፊልም የጆሴፍሰን ጀንክሽን፣ ማለትም በሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች መሃል ያለ ቀጭን መጋጠሚያ፣ መሥራት ነው። «ኳንተም ኮምፒውተር ላይ ያደርሰኛል? ካልሆነስ እንጀራ ይወጣዋል?» ብለሻል።

በግልጽ ልንገርሽ፣ ለኳንተም ኮምፒውተር ብለሽ ከሆነ አትሂጂ። ጉግልም አይቢኤምም ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ ክፍል) የሚሠሩት በአሉሚኒየም ጀንክሽን ነው፣ ያውም ከዚያ በታች ብርድ ከሌለበት ከፍፁም ዜሮ ትንሽ ብቻ ከፍ ባለ ብርድ። የዋይቢሲኦ ጸጋ ሌላ ነው። በ1987 ሲገኝ ያን ሁሉ ጫጫታ ያስነሳው 92 ኬልቪን (ከፍፁም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ስለሚሆን ነው። 77 ኬልቪን ላይ የሚፈላው ርካሹ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃዋል። ጀንክሽን ደግሞ ደካማ ማግኔትን ለመለካት ስለሚያገለግል፣ የዋይቢሲኦ ቦታው የማግኔት ሴንሰር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ተቋም ሲኤስአይአርኦ የሠራው ላንድቴም የሚባለው የማዕድን መፈለጊያ ሆዱ ውስጥ ያለው እንዲህ ያለ ጀንክሽን ነው።

ሥራው ግን እልህ ያስጨርሳል። ኒዮቢየም በሚባለው ብረት ቢሆን ቀላል ነበር፤ ላዩ ላይ ስስ አሉሚኒየም ታለብሺና ኦክስጅን ትለቂበታለሽ፣ ኤሌክትሮኖቹ ሾልከው የሚያልፉበት መከለያ ተሠራ ማለት ነው። ዋይቢሲኦ እንዲህ አይታለልም። ኤሌክትሪኩን ያለ መቋቋም የሚሸከሙት የኤሌክትሮን ጥንዶች ስፋት ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ፊቱ ላይ ያሉ ጥቂት የአቶም ረድፎች ኦክስጅናቸውን ካጡ ጥፍር የምታህለው ጥቁር የምታብረቀርቅ ቺፕ ለዓይን ምንም ሳትሆን ጀንክሽኑ ሞቶ ታገኚዋለሽ። ለዚህ ነው ብዙዎች መከለያ መደረቡን ትተው አቅጣጫቸው የተለያየ ሁለት ክሪስታሎች የተጋጠሙበት መሠረት ላይ ፊልሙን የሚያሳድጉት። መገጣጠሚያው ራሱ ጀንክሽን ይሆናል። በቀጭን የሂሊየም አዮን ጨረር ፊልሙ ላይ መስመር የሚያሰምሩም አሉ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ስዊድን የዶክትሬት ተማሪ እንደ ሠራተኛ ደሞዝ ስለሚያገኝ ለጊዜው አትጨነቂ። የኋላው ነው የሚያሳስበኝ። ቀጣሪ የሚፈልግሽ ስለ ዋይቢሲኦ ብሎ ሳይሆን ቫክዩም ስለምታውቂ፣ ሊቶግራፊ (ቺፕ ላይ ረቂቅ ቅርጽ የማተም ጥበብ) ስለምትሠሪ፣ ደካማ ሲግናል ከጩኸት መሃል ስለምትለኪ ነው። ያማከርኩት አንድ ልጅ ፊልሙ ከሌላ ቦታ ተሠርቶ ስለሚመጣለት መለካት ብቻ ተምሮ ወጣ፣ ሥራ ፍለጋው ላይ በጣም ጎዳው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለፕሮፌሰሩ ጻፊ። ፊልሙን ራሴ ነኝ የማሳድገው ወይስ ተሠርቶ ይመጣልኛል? ከአንድ ቺፕ ላይ ስንት ጀንክሽን ይሠራል፣ ምን ያህልስ ይመሳሰላሉ? ከዚያ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልጊና ለብቻው አናግሪው፣ ማሽኑ በዓመት ስንት ወር ተበላሽቶ እንደሚቆም እሱ ነው የሚነግርሽ።

መልሱን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። «ፊልሙን ራስሽ ታሳድጊያለሽ» ካሉሽ ግን እኔን አትጠብቂ፣ ፈርሚ።