«ድባቴው ከለቀቀኝ ዘፈኑም ይለቀኛል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምኖር የ24 ዓመት ልጅ ነኝ። ሦስት ዓመት አብራኝ የነበረች ልጅ ጥር ላይ ተለየችኝ። ያን ሰሞን ሰባት ዘፈን ሠራሁ። ሌሊት ሌሊት ጋቢ ተከናንቤ በስልኬ ቀዳኋቸው። አሁን ግን ክራሬን ካነሳሁ ሁለት ወር አለፈኝ። እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አይበላልኝም፣ ጓደኞቼ ሲደውሉ አላነሳም። እህቴ ሐኪም ቤት እንሂድ ትላለች። እኔ ደግሞ መድኃኒት ከጀመርኩ ስሜቴ ደንዝዞ ዘፈኑ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ቦን ኢቨር የሚባለው አሜሪካዊ ከፍቅረኛው ተለያይቶ፣ ጫካ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነው ያንን አልበም የሠራው። እኔም ሐይቅ የአያቴ ባዶ ቤት አለ። ሦስት ወር ዘግቼ ልቀመጥና አልበሜን ልጨርስ አስቤያለሁ። መግቢያው ላይ እሷ በቴሌግራም የላከችልኝን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት አስገብቻለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ አብሽር፣ ወንድሜ። ደብዳቤህን ማታ አነበብኩት፣ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። ከዘፈኑ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል? መጥቶብህ ከሆነ ንባቡን እዚህ ላይ አቁምና ለእህትህ ንገራት። ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሳት። አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ያልከውን አልበም፣ «ፎር ኤማ፣ ፎርኤቨር አጎ»ን፣ አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ሰውየው ጀስቲን ቨርነን ነው። ቦን ኢቨር የሙዚቃ ስሙ ሲሆን «መልካም ክረምት» ከሚል የፈረንሳይኛ ሰላምታ የመጣ ነው፤ የእነሱ ክረምት በረዶ መሆኑን አትርሳ። ታሪኩ ግን ሁልጊዜ ተቆርጦ ነው የሚወራው። ባንዱ ፈርሷል፣ ፍቅሩ አብቅቷል፣ በዚያ ላይ ሕመም ጥሎታል። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ወደ አገሩ ዊስኮንሲን ተመለሰና አባቱ ለአደን የሚጠቀሙበት ቤት ገባ። ሲገባ አልበም ልሥራ ብሎ አልነበረም። ማረፍ ነው የፈለገው። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፣ ዘጠኝ ሆኖ ወጣ። ድምፁን በድምፁ ላይ እየደራረበ የብዙ ሰው መዘምራን ያስመሰለው እውነትም ራሱ ነው። ትራምፔቱንና ትሮምቦኑን የነፉት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። ብቻውን ሠራው በሚባለው አልበም ላይ የሌላ ሰው ትንፋሽ አለበት።

እሱ ሊያርፍ ነው የገባው። አንተ ግን ሳትተኛ፣ ሳትበላ፣ በር ዘግተህ ዘፈን ከራስህ ልትጨምቅ ነው። ይሄ አንድ አይደለም።

እስቲ የራስህን ደብዳቤ ቁጠረው። ሰባቱ ዘፈኖች የመጡት መቼ ነው? ልጅቷ በሄደች ሰሞን፣ ገና ስታለቅስ፣ ገና ስትናደድ። ድባቴው ሲጠነክር ምን ሠራህ? ሁለት ወር ክራር አላነሳህም። ዘፈኑን የወሰደብህ መድኃኒት አይደለም፣ መድኃኒት ገና አልጀመርክም።

እኔም አይቼዋለሁ። 2003 ዓ.ም. ሽማግሌ የላክሁባት ልጅ ሌላ አገባች። የመጀመሪያውን ወር ደብተር ሞላሁ። ከዚያ አምስት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም። የሚገርምህ፣ ማዘኑም ቆመ። ግድግዳ እያየሁ ይመሻል። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፣ ጎረቤታችን ሐጂም ዱዓ አደረጉልኝ፤ ሁለቱንም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ከዚያ አጎቴ እጄን ይዞ ሐኪም ዘንድ አስገባኝ። ጠበልም ዱዓም ከኪኒኑ ጋር አይጣላም።

ኪኒኑ ወዲያው አልሠራልኝም። በብዙ ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መጀመሪያ የመጣው የአፍ መድረቅ ነበር። አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ጠዋት እናቴ ቡና ስትቆላ ሸተተኝ። በየቀኑ ትቆላ ነበር፣ ለወራት ግን ሽታው አፍንጫዬ አልደረሰም። ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በረካ እስኪደርስ አልተነሳሁም።

ከሰዓት ክራሬን ከግድግዳ አወረድኩ። ክሮቹ ረግበው ነበር። እጄ እንደለመደው በትዝታ ማይነር ቃኘሁት። ከዚያ የቅኝቱን ሦስተኛና አምስተኛ ድምፅ የያዙትን ክሮች ግማሽ ድምፅ ከፍ አደረግኳቸው። ሁለት መቃኛ ብቻ ነው ያዞርኩት፣ ትዝታ ሜጀር ሆነ። ያንኑ የልቅሶ ዜማዬን ስመታው ገና ያልጻፍኩት ስንኝ መጣ። አንተም ሲሻልህ ሰባቱንም በሌላ ቅኝት ሞክራቸው። ባቲም አምባሰልም ስማቸውን ያገኙት ከእኛው አገር ነው፣ ሩቅ መሄድ የለብህም።

መደንዘዙን መፍራትህ ከንቱ አይደለም። አንዳንዱን ሰው ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ ንገረው፣ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይቀይርልሃል። ሙዚቀኛ መሆንህንም ገና ስትገባ ንገረው። በራስህ ብቻ አታቋርጥ። ምናልባትም ኪኒን ሳይሆን ከባለሙያ ጋር መነጋገር ይበቃህ ይሆናል፤ እሱን የሚያውቀው መርምሮ ነው።

የድምፅ መልእክቱን አውጣው። ለአንተ ብላ ነው የላከችው፣ ለሕዝብ አይደለም። ፈቃዷን ልጠይቅ ብለህ አሁን እንዳትደውልላት። በቦታው ክራሩን ብቻውን አስገባ፣ ድምፅዋ የወሰደውን ሰከንድ ያህል። ሕመሙ ያንተ ነው፣ የፈለግኸውን ያህል ዝፈነው። ድምፅዋ ግን የእሷ ነው።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪም ቤቱ ይቅደምና ከእህትህ ጋር እሑድ ሂዱ። ዓሣ ብሉ፣ ውሃው ዳር ተቀመጡ፣ ማታ ተመለሱ። ሰባቱን ዘፈኖች ደግሞ ዛሬ ለእህትህ ላክላት፣ ስልክ ይጠፋል። እኔ ፒያሳ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት ሥራ አልይዝም። ክራርህን ይዘህ ና። ባትዘፍንም ቡና እንጠጣለን።