«ራን» ስንት ትርጉም አለው?

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛን በግሌ እየተማርኩ ነው። «ራን» ማለት መሮጥ መሆኑን ያወቅሁት ገና በጅምሩ ነበር። አሁን ግን በማነባቸው ጽሑፎች ውስጥ አፍንጫም፣ አውቶቡስም፣ ሆቴል የምታስተዳድር ሴትም በዚሁ ቃል ሲገለጹ አያለሁ። ቃሉ አንድ ነው ወይስ በድምፅ የተመሳሰሉ ብዙ ቃላት ናቸው? ትርጉሞቹንስ በምን ዘዴ ላጥናቸው?

መልስ፦ ቃሉ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ በድምፅም በፊደልም ተመሳስለው በዘር የማይገናኙ ቃላት በእርግጥ አሉ፤ ድብ ማለት የሆነው «ቤር» እና መሸከም ማለት የሆነው «ቤር» ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የ«ራን» ትርጉሞች ግን ምንጫቸው አንድ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃሉን እንደገና ሲመረምሩ በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺዎችን መዝግበዋል። ይህ ቁጥር ተማሪን ሊያስፈራ አይገባም፤ እንዲህ ያለው ታሪካዊ መዝገበ ቃላት ከአገልግሎት የወጡትን፣ በአንድ ሙያ ውስጥ ብቻ የሚነገሩትንና እርስ በርስ በጥቂቱ የሚለያዩትን ፍቺዎች ሁሉ ለየብቻ ይቆጥራልና።

ችግሩ የሚጀምረው ቃሉን «መሮጥ» ብለን ተርጉመን ስንዘጋው ይመስለኛል። መሮጥ የእግር ሥራ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ከጥንትም በእግር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በብሉይ እንግሊዝኛ ለውኃ መፍሰስም ያገለግል ነበር፤ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ሪነን» ዛሬም መፍሰስ ማለት ነው። ስለዚህ አፍንጫ፣ ዕንባ፣ የቧንቧ ውኃ፣ እንዲሁም በእጥበት ጊዜ የሚለቅ የጨርቅ ቀለም በዚህ ቃል ሲነገሩ ሩጫን ትተው ፍሰትን ያስቡ።

ለሌሎቹ ትርጉሞች አማርኛችን ራሱ መንገድ ያሳያል። ሥራው እንዴት እየሄደ ነው ብለን እንጠይቃለን፤ ድርጅት እናስኬዳለን፤ ለዚህ የምናወጣውንም ገንዘብ የሥራ ማስኬጃ እንለዋለን። እንግሊዝኛም የሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ሞተር ሲሠራ፣ አውቶቡስ በመስመሩ ሲመላለስ፣ ቆየት ብሎም ሰው ንግድን ሲመራና ኮምፒውተር ፕሮግራምን ሲያስኬድ ያው ቃል ተሠራበት። እርስዎም ግሱ ተሳቢ ከሌለው «ሄደ» ወይም «ፈሰሰ»፣ ተሳቢ ካለው ደግሞ «አስኬደ» ወይም «አካሄደ» እያሉ ይሞክሩት። ሆቴል ማስኬድ፣ ምርመራ ማካሄድ፣ ዘመቻ ማካሄድ ሁሉም በዚህ ይፈታሉ።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ዋናው ቦታ ቃሉ ከትንንሽ መስተዋድዶች ጋር ሲጣመር ነው። «ራን አውት» ማለቅ ወይም መጨረስ፣ «ራን ኢንቱ» ከሰው ጋር ሳይታሰብ መገናኘት ወይም ከነገር ጋር መጋጨት፣ «ራን ኦቨር» በመኪና መግጨት ነው። እነዚህን ከፋፍሎ ከመተርጎም ይልቅ እያንዳንዱን ጥምረት እንደ አንድ ራሱን የቻለ ቃል፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ማጥናት ይሻላል። በምርጫ መወዳደርም እንዲሁ ነው፤ አሜሪካውያን ለሥልጣን የሚወዳደርን ሰው «ራን» ሲሉለት፣ ብሪታንያውያን በልማድ መቆም የሚል ትርጉም ያለውን «ስታንድ» ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለዚያው ዕጩ ነው።