የአከራያችሁ መድን የእናንተን ፍራሽ አያውቀውም

ጎንደር ውስጥ ቤት ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ልጆቼ፣

ዕድሜዬ ያለቀው የተቃጠለ ቤት ውስጥ እየገባሁ የጉዳት ግምት ስሠራ ነው። ሥራ ስጀምር በአገሪቱ የነበረው መድን ሰጪ አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ለግል ኩባንያዎች በሩ ተከፈተና አማራጩ በዛ። የተከራይ ጥያቄ ግን ያው ነው፤ «ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት ኢንሹራንስ አለው አሉ፤ እኔንም ይሸፍነኛል?»

አይሸፍናችሁም።

አንድ ጊዜ አዘዞ አካባቢ አንድ ግቢ ተጠራሁ። በቆርቆሮ የተሸፈኑ የጭቃ ሰርቪስ ቤቶች ናቸው፤ ለሁሉም ያለው ቆጣሪ አንድ። አንዷ ተከራይ እንጀራ ስትጋግር የምጣዱ መስመር ግሎ ኮርኒሱን አቀጣጠለው። ኮርኒሱ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ሰው ውሃ ይዞ እስኪደርስ ሦስት ክፍል ነደደ። ባለቤቱ ከባንክ ተበድሮ ስለነበር፣ ባንኩ አስገድዶት ቤቱን መድን አስገብቷል። እኔ ሜትሬን ዘርግቼ ግድግዳ ስለካ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ አመዱ ላይ ቁጢጥ ብላ የስፌት መኪናዋን ብረት ታገላብጣለች። እንጨቱ ከስሏል። «የኔንስ መቼ ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ቅጼ ላይ የእሷ መኪና የሚጻፍበት መስመር አልነበረም።

ከዚህ የባሰም አለ። ኩባንያው ለባለቤቱ ካሳ ከከፈለ በኋላ በእሱ እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን መጠየቅ ይችላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ይፈቅድለታል። እንጀራ ስትጋግር የነበረችውን ያዳናት የመስመሩን ዝርጋታ ባለቤቱ ራሱ በርካሽ ያሠራው መሆኑ ነው። ስለዚህ ስለ ዕቃችሁ ብቻ አትጠይቁ። «በእኔ ጥፋት የአከራዬ ቤት ቢቃጠልስ?» በሉ።

መድን ኩባንያ ሄዳችሁ «የተከራይ መድን» ብትሉ ሠራተኛዋ ግራ ልትጋባ ትችላለች። «የቤት ዕቃዬን ከእሳትና ከስርቆት መድን ማስገባት እፈልጋለሁ» ካላችሁ ይገባታል። ግድግዳችሁ ከምን እንደተሠራ ትጠይቃችኋለች። ጭቃ ከሆነ ጭቃ ነው በሉ። አረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለውን ብር፣ ለማስቀነስ «ብሎኬት ነው» ያለ ሰው ካሳ ሲጠይቅ ምን እንደሚገጥመው ብዙ አይቻለሁ።

ስርቆት ላይ ጠንቀቅ በሉ። በጥምቀት አንድ ልጅ ሊነጋጋ ሲል ነጠላውን ለብሶ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወረደ። ግቢው በእንግዳ ተሞልቷል፣ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የእሱንም ክፍል በር ገርበብ አድርጎ ነው የሄደው። ሲመለስ ላፕቶፑ የለም። ውሉ የሚከፍለው በር ተሰብሮ ወይም መስኮት ተፈልቅቆ ሲገኝ ነው። ቁልፉን አየሁት፤ አንዲት ጭረት የለበትም። ልጁ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው። አልፈርድበትም።

ሌላው ዕቃን በግማሽ ዋጋ ማስመዝገብ ነው። የ200,000 ብር ዕቃ አለህ እንበል፤ አረቦን እንዲቀንስልህ 100,000 ብለህ አስመዘገብክ። እሳት ተነስቶ የ60,000 ብር ዕቃ በላ። «ከ100,000 በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ትላለህ። የለም። ያስመዘገብከው ግማሹን ስለሆነ የሚደርስህም ግማሹ ነው፤ 30,000። ከዚያ ላይ ደግሞ እኛ ኤክሰስ የምንለው፣ አንተው የምትችለው ድርሻ ይቀነሳል። ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የተነሳው በዚህች ስሌት ነው።

ጦርነትና ሁከት ያመጣው ጉዳት በመደበኛው የእሳት ውል ውስጥ የለም። ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ነው። ጎንደር ለሚኖር ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ታዲያ ሁላችሁም ግቡ እያልኩ ነው? አይደለም። ማራኪ አካባቢ ፍራሽ፣ ስቶቭና ሁለት ድስት ይዞ የሚኖር ተማሪ እቁብ ቢገባ ይሻለዋል። ስልኩ ፒያሳ ላይ ከኪሱ ቢወሰድ እንደሆነ የቤት ዕቃ ውል አይመልስለትም። በዕቃው እንጀራ የሚበላ ግን ሌላ ነው። ካሜራ ያለው፣ የፀጉር ቤት ዕቃ ያለው፣ በላፕቶፕ የሚሠራ። እናንተ ግን ዕቃው የሥራ መሆኑን ተናግራችሁ አስጽፉ፤ የመኖሪያ ቤት ውል የመተዳደሪያ ዕቃን ላያካትት ይችላል።

«እድር አለን» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም የእድር ሰው ነኝ፣ ድንኳን ተሸክሜ አርጅቻለሁ። ለቅሶ ላይ እድርን የሚተካ የለም። ቤት ሲቃጠልም የሚያዋጣ እድር አለ። የተዋጣው ግን ብርድ ልብስና የወር ቀለብ ይሆናል እንጂ የስፌት መኪና አይገዛም።

ያቺ ልብስ ሰፊ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሮዬ መጣች። አራዳ ሱቅ ተከራይታ ነበር። ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣች። መኪናዎቿ ሦስት ሆነዋል፤ የእያንዳንዳቸው ቁጥር፣ የተገዙበት ቀንና ዋጋ ተጽፏል፣ ደረሰኙ በስፒል ተያይዟል። የካውያውም ሳይቀር። «አሁን የኔን ጻፍ» አለችኝ።