ለግቢ ፏፏቴ ጠያቂዋ፦ ፏፏቴውን ሥሪው፣ ኩሬውን ግን ተይው

እህቴ፣ አዘዞ በምትሠሪው ቤት ግቢ ከኩሬ ጋር ፏፏቴ ማሠራት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ትንንሽ ልጆችም አሉሽ፤ «ይሆናል ወይ?» ብለሻል። ይሆናል። የድንጋይና የግቢ ሥራ እንጀራዬ ነው፤ በእኛ አገር ሁኔታ ግን ክፍት ኩሬ አልመክርሽም።

ውሃው የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይኖራል፣ ግን አይታይም። ከፏፏቴው ሥር 1.5 ሜትር በ1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ ጉድጓድ አስቆፍሪ። ገበሬዎች ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚያነጥፉትን ጂኦሜምብሬን፣ ውሃ የማያሳልፈውን ወፍራም ፕላስቲክ፣ አንጥፊበትና በድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ሙዪው፤ ፊቱን ጠጠር አልብሺው። በድንጋዮቹ መሀል የሚቀረው ክፍተት 40 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከ550 ሊትር በላይ ይይዛል። ውሃው ወርዶ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይወስደዋል። ልጅ የሚወድቅበት የለም። የውሃውን ከፍታ ከጠጠሩ ፊት ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ካደረግሽው ትንኝም በቀላሉ አይራባበትም፣ ፀሐይ ስለማያገኘው ቶሎ አረንጓዴ አይለብስም። ትነቱም በጣም ይቀንሳል። 4 ካሬ ሜትር ክፍት ኩሬ በበጋ በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተን 20 ሊትር አጣሽ ማለት ነው፤ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ በየቀኑ! ፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይሄ ያማል።

አፈርሽ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ከሆነ ኮንክሪት ብቻውን አይበቃሽም። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ኮንክሪቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ጂኦሜምብሬን ከመሬቱ ጋር ይላወሳል። ብቻ ከሥሩ አሸዋ ይደልደልለት፣ ሹል ድንጋይ እንዳይበሳው።

መሙያውን ከክረምት ውሰጂ። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 1,200 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ጉድጓዱን በአንድ ዝናብ ይሞላዋል። ለበጋ መተኪያ የሚሆን ተጨማሪ በርሜል ከአሸንዳው ሥር ይኑርሽ።

ፓምፕ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው። በሰዓት የሚገፋው ሊትር የተጻፈው ምንም ከፍታ ሳይወጣ ነው፤ የመጨረሻ ከፍታ የተባለው ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠብታ አይወጣም። ለከንፈሩ፣ ማለትም ውሃው ለሚወርድበት የላይኛው ድንጋይ ጫፍ፣ ስፋት በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር በሰዓት 150 ሊትር ያህል አስቢ። 25 ሳንቲሜትር ከሆነ 4,000 ሊትር ገደማ ያስፈልግሻል። ከጉድጓዱ ወለል እስከ ከንፈሩ 1.5 ሜትር ስለሚሆን፣ የመጨረሻ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ፣ 7,000 ሊትር ገደማ የሚል ፓምፕ ፈልጊ። ቱቦው ባለ 40 ሚሊሜትር ይሁን፤ ቀጭን ቱቦ ያንቀዋል። ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋ ፍሎተር ይኑረው፣ ደርቆ ከሠራ ይቃጠላል። ጎኑ በተበሳሳ በርሜል ውስጥ ካስቀመጥሽው ለማጽዳት ማውጣት ቀላል ነው። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይግባ፤ ልጆች ባሉበት ይህን አትለፊው። ፍጆታው አያስፈራሽ፤ ባለ 100 ዋት ፓምፕ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ድንጋዩ፣ እኔ የምወደው ክፍል። አብዛኛው የግቢ ፏፏቴ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ውሃው በድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከኋላውና ከሥሩ ይሄዳል። ስለዚህ ከንፈሩ አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሁን፣ ግራና ቀኙ በውሃልክ ይለካ፣ ከሥሩ ካለው ግድግዳ 5 ሳንቲሜትር ይውጣ። ከከንፈሩ ሥር፣ ጫፉ አጠገብ ቀጭን ቦይ ይጠረብበት፤ ያኔ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳውን አይልስም። ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ክፍተት ሁሉ በሲሚንቶ ይደፈን፣ ጂኦሜምብሬኑም እስከ ከንፈሩ ድረስ ከኋላ ይውጣ። ከፍታው 60 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ ነፋስ ውሃውን ይበትነዋል፣ ድምፁም ሳሎን ድረስ ይረብሻል።

የአካባቢያችንን ጥቁር ድንጋይ ተጠቀሚ፤ ሲረጥብ ይበልጥ ያምራል። ሳይረጥብም እንዲያምር አድርገሽ ንደፊው፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነውና። የፋሲል መዋኛን ተመልከቺ፤ ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው፣ አብዛኛውን ዓመት ግን ባዶውን ሆኖም ዓይን ይስባል፤ ግንቡ ነው የያዘው። እዚያው የዛፍ ሥር ግድግዳውን እንዴት እንደተጠመጠመበትም ታያለሽ፤ ዋርካና ሾላ ከፏፏቴሽ አጠገብ አትትከዪ።

ለዳር ዳሩ ቄጤማና ደንገል ይበቃሉ። እንቦጭ ግን በአበባው ተታለሽ ከጣና እንዳታመጪ! ሐይቁን ምን እንዳደረገው እያየን ነው፤ ከግቢሽ ወጥቶ ወንዝ ከገባ ማንም አይመልሰውም።

የቦታውን ፎቶና ተዳፋቱን ላኪልኝ፣ የድንጋዩን መጠን አብረን እናሰላለን።