ሳላውቅ የተስማማሁት ውል

«ለደኅንነቴ እስከሆነ ድረስ፣ መንግሥት በድብቅ ቢሰልለኝ ማኅበራዊ ውሉን አፈረሰ ይባላል ወይ?» ብለሃል። ማኅበራዊ ውል ማለት ሕዝብ ለመንግሥት ሥልጣን ሰጥቶ በምትኩ ጥበቃ የሚያገኝበት ያልተጻፈ ስምምነት ነው። ስለላው ብቻውን አያፈርሰውም ባይ ነኝ። የሚፈርሰው ሰላዩን የሚጠይቅ ሲጠፋ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ መንግሥት ሥልጣን የሚያገኘው ከተገዢው ፈቃድ ነው ይላል። እሺ፣ የማላውቀውን ነገር እንዴት ነው የምፈቅደው? የማን ስልክ እንደተጠለፈ አይነገረኝ፣ ግድ የለኝም። በየትኛው ሕግ እንደሚጠለፍ ግን ልወቅ እንጂ!

አሜሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለላውን የተቃወሙ ጠበቆችና ጋዜጠኞች ያቀረቡትን ክስ 5 ለ4 ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ? መሰለላችሁን አላሳያችሁም ተባሉ። ምስጢሩን ከየት አምጥተው ያሳዩ? (እዚህ ላይ ሳቄ ይመጣል።) በመጋቢት የስለላ ተቋማቱ የበላይ ጄምስ ክላፐር ሴኔት ፊት ቀረበ። የሚሊዮኖችን መረጃ ትሰበስባላችሁ ወይ ሲባል፣ አይ፣ ሆን ብለን አናደርገውም አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ለአሜሪካው የስለላ ድርጅት ለኤንኤስኤ በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣው ሰነድ ጉዱን አፈረጠው። የስልክ ኩባንያው የቬሪዞን ደንበኞች የጥሪ መዝገብ በየቀኑ ለኤንኤስኤ ይገባ ነበር። ማን ለማን ደወለ፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ። ንግግሩ ራሱ አልነበረበትም።

«ፍርድ ቤት ፈቅዶ የለ?» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕግ የተቋቋመ ዝግ ችሎት ፈቅዷል። ያን ጊዜ የሚሰማው ግን ከሞላ ጎደል የመንግሥትን ወገን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ እንዲህ ያለውን የጅምላ መረጃ አሰባሰብ አይፈቅድም ብሎ በየነ። ልብ በል፣ ይሄም የመጣው ሰነዱ ከሾለከ በኋላ ነው።